በቱሜ ሥዕል ላይ የጻፍኩት

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ከደብተሯ የቀደደችውን ወረቀት ይዛ መጣችና ጭኔ ላይ ዘረጋችው። በቴሌቪዥን የምታየውን ጠፈርተኛ ከነመንኮራኩሩ ሥላዋለች፤ ከአፉ አጠገብም ለንግግሩ የሚሆን ባዶ ክብ ትታለታለች። «አያቴ፣ የሚናገረውን አንቺ ጻፊበት፤ ያንቺ ጽሑፍ ያምራል» አለችኝ። ዕድሜ ልኩን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ የኖረ እጄ እምቢ አለኝ። ራሴን አሞኛል ብዬ ሸኘኋት። ውሸቴን ነው፣ ራሴን አላመመኝም።

ያደግሁት ነገሌ ቦረና ነው፣ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የአውራጃ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር። በዚያች አቧራዋ የነጭ ልብስ ጠላት በሆነች ከተማ፣ ሳልህ የሚባል የየመን ሰው ሱቅ ነበረው፤ ስኳሩንም ቅመሙንም የሚጠቀልለው በሞያሌ በኩል በጭነት መኪና እየታሰረ በሚመጣለት አሮጌ የፈረንጅ የሥዕል መጽሔት ነበር። አንድ ቀን የስኳሩ መጠቅለያ ሲፈታ፣ ብርጭቆ ማሰሮ የመሰለ ነገር ጭንቅላታቸው ላይ የደፉ ሰዎች በእሳት ጭራ በሚበር ቤት ውስጥ ተቀምጠው አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና የክፍሌ ልጆች አበድን ማለት ይቀላል። እናቴ ግማሽ ኪሎ ስኳር አራት ቦታ አስከፋፍዬ የማስጠቀልልበት ምክንያት እስክትሞት አልገባትም። ለጎረቤት ሁሉ ሳይልኩን እንላላክ ነበር፤ በርበሬ የነካውን ገጽ እያስነጠሰን እናነበው ነበር። ማንበብ ስል፣ እንግሊዝኛውን ማን አውቆት፤ ሥዕሉን ነው። ገጾቹ ያለ ተራቸው ስለሚመጡ ሰኞ የሞተው ሰውዬ ሐሙስ ሲስቅ ይገኛል፤ እኛ ግን በዱቄት ሙጫ እየለጠፍን፣ እየተጣላን፣ የራሳችንን ተራ አበጀንለት።

ከሁላችን የባሰባት ቱሜ ነበረች። የዱብሉቅ ቦረና ናት፤ ለትምህርት ብላ ነገሌ አክስቷ ዘንድ የተቀመጠች፣ እኔን በአንድ ዓመት የምትበልጠኝ ዝምተኛ ልጅ። አባቷ ኦቦ ቦሩ አያንቱ ናቸው፤ ጨረቃ አጠገብ የትኛው ኮከብ እንደቆመ አይተው ቀኑንና ወሩን የሚቆጥሩ፣ እሳቸው ሳይጠየቁ የድግስ ቀን የማይቆረጥ ሰው። ሳልህ መጽሔቱን ትቶ በካኪ ከረጢት መሸጥ ሲጀምር መንኮራኩራችን ውኃ በሌለበት ቀይ መሬት ላይ እንደወደቀች ቀረች። ሰዎቹን እዚያ ጥለን እንዴት እንተኛ? ታሪኩን ራሳችን ልንቀጥለው ወሰንን። ቱሜ ትስላለች፣ እኔ ከአባቴ ጠረጴዛ በሰረቅሁት ኮፒያ እርሳስ፣ ምላሴ ወይን ጠጅ እስኪመስል እየላስሁ ንግግሩን እጽፋለሁ። ትምህርት ዘግይታ ስለጀመረች የአማርኛ ንባብ ይከብዳታል፤ የእኔን የደቀቀ ጽሑፍማ ጭራሽ አትሞክረውም። እያንዳንዱ ሰው የሚለውን በኦሮምኛ ትነግረኛለች፣ እኔ በአማርኛ አሰፍረዋለሁ። ሥራችን ይህ ነበር።

የቱሜ ቀይ ፕላኔት እንደኛ አገር ኩይሳ ነበረባት። ጠፈርተኞቿ ኤላ ከሚባለው ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ፣ እንደ ዱብሉቅ ጎልማሶች በየእርከኑ ቆመው፣ የቆዳ ባልዲ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውኃ ያወጣሉ። በመጨረሻም ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ይመጡና ሰማዩን አይተው የጠፋችዋን መንኮራኩር ወደ ቤቷ ይመሯታል። ንግግራቸውን ስትነግረኝ ድምጿን ዝቅ አደረገች፦ «ኮከቧ ከጨረቃ ጎን ቆማለች፤ ዛሬ የመንገድ ቀን ነው፤ በእሷ ግራ ሂዱ።»

እኔ ግን ያን አልጻፍኩም። በዚያው ሰሞን ሰው ጨረቃን ረገጠ ተብሎ በራዲዮ ተነግሮ፣ ኦቦ ቦሩ ገበያ መጥተው ሲሰሙ «ከረገጧትማ ወሩን በምን እንቆጥራለን?» ብለው ጠይቀው ነበር፤ እኛ ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ ይህን እያነሣ ሲስቅ ሰንብቷል። እኔም ሳቁን ከቤቴ ይዤ መጣሁና በሽማግሌው ክብ ውስጥ «ኧረ ደብቁኝ! ይህ የብረት ቤት ከብቶቼን ሊበላ ነው!» ብዬ ጻፍኩ። መንገዱን እንድታሳይ ያደረግኋት የመንኮራኩሯን አዛዥ ነው፤ ስሟም፣ ሳልናገር ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር፣ ሻለቃ አልማዝ፣ የእኔው ስም። «ያልኩሽን ጻፍሽ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ደብተሩ በክፍሉ ሲዞር ልጆቹ እየሳቁ ተንከባለሉ፤ ቱሜ ሽማግሌውን የወደዱላት መስሏት ከእነሱ ጋር ሳቀች።

ከዚያ ዝናብ ቀረ። ከብት አለቀ፤ ኦቦ ቦሩም አንድ ጠዋት ልጃቸውን ሊወስዱ ትምህርት ቤት መጡ። ጥቂት ላሞች የተረፉለት ሰው ለጋብቻ ጠይቋታል ተባለ። ቱሜ እጄን ጨምቃ «አልሄድም፣ አልሄድም» ትል ነበር። መምህራችን ገመዳ የቦሬ ልጅ ነው፣ ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል፤ ደብተሩን አንሥቶ፣ ከዚያ በፊት ሳያነበው፣ «ኦቦ ቦሩ፣ ልጅዎ ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነች ላሳይዎት፤ ካዩ በኋላ ይፍረዱ» አለ። እያንዳንዱን ገጽ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰ አነበበላቸው። ጠፈርተኞቹ ኤላው ውስጥ ሲዘፍኑ ሲያዩ ሽማግሌው በሳቅ እንባቸውን ጠረጉ፤ «ሰው አንሷቸዋል፣ ለዚህ ጥልቀት ሁለት ጨምሪ» ብለው ልጃቸውን አረሟት። ቱሜ ልትቀር ነው ብዬ ልቤ ዘለለ። የመጨረሻው ገጽ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

መምህር ገመዳ ገጹን ሲያይ ደንግጦ ሊያልፈው ሞከረ። ኦቦ ቦሩ ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አሳረፉ።

«ይህ እኔ ነኝ። ምን እላለሁ?»

መምህሩ መዋሸት የማይሆንለት ሰው ነበር። አነበበላቸው።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው?» አሏት ልጃቸውን፣ በቀስታ።

«ሥዕሉን የሳልኩት እኔ ነኝ» አለችና ወደ እኔ ዞረች። የቀረውን እኔ እንድናገር ጠበቀችኝ። አባቴ ሲሰማ የሚያወርድብኝ ቀበቶ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝና መሬት መሬቱን አየሁ። ለረጅም ጊዜ ጠበቀችኝ።

«ልጄን አስተምርልኝ ብዬ ሰጠሁህ» አሉት ኦቦ ቦሩ ለመምህሩ፣ «በአባቷ መሳቅ አስተማርክልኝ።» ከዚያ ዱላቸውን አንሥተው ወጡ፣ ቱሜም ተከተለቻቸው። የዚያን ቀን ጽሑፉን በምራቄ ላጠፋ ሞከርኩ፤ ኮፒያ እርሳስ ግን ሲረጥብ ይብሳል፣ ቀለሙ እየሰፋ የሽማግሌውን ፊት ዋጠው። ደብተሩ ራሱ ኋላ ቤት ስንለቅ ጠፋ።

አስተማሪ ሆንኩ፣ ወለድኩ፣ ጡረታ ወጣሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር በኦሮምኛ አዘጋጅቼ ነበር፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ አባትሽን አልሰደብሽም። እሱን ለመናገር ድፍረት ያገኘሁት ካረጀሁ በኋላ ነው። ያኔ ሀገረ ማርያም በምንላት በቡሌ ሆራ አድርጌ ዱብሉቅ ስወርድ፣ ሰዎች መንገድ ዳር ሻይ ወደምትሸጥ ሴት መሩኝ። «አካም» ብላ ወንበር ሰጠችኝ። ስሟ ሎኮ ነው፣ የቱሜ ልጅ። እናቷ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነበር።

ትንሽ ቆይቼ፣ እናቷ ሥዕል ትስል እንደነበር ጠየቅኋት።

«እናቴ?» አለች ሳቋን ለአክብሮት ዋጥ አድርጋ። «እናቴኮ አልተማረችም፣ እማማ። እርሳስ ይዛ አታውቅም፤ ለቀበሌ እንኳ በጣቷ ነበር የምትፈርመው። ሌላ ቱሜ እንዳትሆን የሚፈልጓት?»

ከገዛ ልጆቿ ደብቃዋለች። ትምህርት ቤቱን፣ ቀይዋን ፕላኔት፣ እየዘፈኑ ውኃ የሚያወጡትን ሰዎች፣ መንገዱን የሚያውቁትን ሽማግሌ፣ ሁሉንም። እነሱን ያየ ዓይን አሁን በዚህ ዓለም ከእኔ በቀር የቀረ አይመስለኝም፤ እኔም ሰባ ዓመት አልፎኛል። ያቺ ዓረፍተ ነገር አፌ ላይ ነበረች። ሎኮ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች መልሴን ትጠብቃለች፤ አጠባበቋ የእናቷ ነው።

«ልክ ነሽ፣ ልጄ» አልኳት። «ሌላ ቱሜ ናት።»