ኦድኒና የባሕር አረሙ

የወንድሜ ሚስት ኦድኒ የባሕር አረም ሽታ አትወድም። ችግሩ፣ የእኔና የወንድሜ የቶርላይፍ እንጀራ እሱ ነው፤ በጀልባ ወጥተን ከባሕሩ ወለል እየነቀልን ለፋብሪካ እንሸጣለን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቶርላይፍ የሥራ ልብሱን በረንዳ ላይ ሳያወልቅ ደጃፏን ያለፈው አንዴ ብቻ ነው። ረስቶ ቢገባ "ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ!" አለችው። "እሱ" ያለችው ካፖርቱን ነው።

ኦድኒን ስኳር በሽታ የያዛት ገና በዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቆሽቷ ኢንሱሊን ማመንጨቱን ተወ፤ ከዚያ ወዲህ በመርፌ ነው የምትኖረው። መርፌውን ለምዳዋለች። ያልለመደችው ሌላ ነገር ነው። ድሮ ስኳሯ ሲወርድ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃታል፤ ኋላ ኋላ ግን ሰውነቷ ማስጠንቀቁን ተወና ወሬ ላይ እያለች ድንገት መውደቅ ጀመረች። ስለዚህ ብቻዋን መቅዘፍ ተከለከለች። የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ እግሯ ሳይጠና መቅዘፊያ የጨበጠች ሴት፣ ማዶ ወዳለችው የአባቷ ደሴት ለመሄድ አጃቢ ያስፈልጋት ነበር። አጃቢው እኔ ስሆንማ ቆሽቴን ታሳርረው ነበር።

"አንተ ዝም ብለህ መቀመጥ አትችልም?"

"ዝም ብዬ'ኮ ነው የተቀመጥኩት።"

"ትተነፍሳለህ።"

ካቻምና ኦስሎ ያሉ ሐኪሞች ለሙከራ ጠሯት። እንደ ቆሽት ስኳርን እያዩ ኢንሱሊን የሚያመነጩ ሕያው ሴሎች፣ በዝልግልግ ስስ ሽፋን ተጠቅልለው ሆዷ ውስጥ ሊቀመጡ ነው። ሽፋኑ ስኳርና ኢንሱሊን ያሳልፋል፤ ባዕድ መጣ ብሎ ሰውነት የሚያዘምታቸውን ወታደሮች ግን አያስገባም። ከምን እንደሚሠራ ሐኪሟ ስትነግራት ቶርላይፍ አጠገቧ ነበር። ከባሕር አረም።

ቶርላይፍ ሳቁን ሊደብቅ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ።

"ከቤቴ ሳባርረው ኖሬ ጭራሽ ሆዴ ሊገባ!" አለች ኦድኒ። ግን እሺ አለች።

ሴሎቹ ከገቡላትም በኋላ መርፌው አልቀረላትም፤ ሐኪሞቹ ቅር አላቸው። እሷ ግን አንድ ቀን ድንች እየላጠች ሳለ ቢላዋውን አስቀመጠችና እጇን አየችው። ይንቀጠቀጣል። "ቶርላይፍ! ወርዷል! ተሰማኝ'ኮ!" ብላ ጮኸች። ስኳሩ ሲወርድ እንዲህ የሚፈነድቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ዳቦዋን በጣፋጩ ቡናማ አይብ እየበላች አለቀሰች።

በዚያ በጋ ብቻዋን ወደ አባቷ ደሴት ቀዘፈች። የመጀመሪያው ቀን ለመንደርተኛው ሁሉ ወደቡ ላይ ሥራ ተገኘለት። ወንድሜ የተጠቀለለ ገመድ ይፈታል፣ መልሶ ይጠቀልላል።

"ግባና ቁርስህን ብላ፤ እሷ እንደሆነ ደርሳለች" አልኩት።

"የምን እሷ? ገመዱ ተወሳስቦብኝ ነው።"

ከሰዓት በኋላ ፊቷን ፀሐይ አቅልቶት ተመለሰች።

ብርዱ ሲመለስ ነገሩ ተበላሸ። ሰውነቷ በሴሎቹ ዙሪያ ጠባሳ እየሠራ አፈናቸው፤ እየሞቱ ነው አሏት። አንድ ጠዋት ወደ ጀልባዋ ከመውረዷ በፊት ስኳሯን ለካችው። በጣም ወርዷል፤ እሷ ግን ምንም አልተሰማትም። ብስኩቷን በላች፤ ከዚያ መቅዘፊያዎቹን አምጥታ ለቶርላይፍ ሰጠችው።

በማግስቱ ጀልባችን ላይ ቀድማን ቆማ አገኘናት። ሐኪሞቹ ጠባሳ የማይዘው ሽፋን ለመሥራት እየሞከሩ ነው፤ እሷም ለሚቀጥለው ሙከራ ተመዝግባለች። በትዳር ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአረም ነቀላ አብራን ወጣች። አረሙ ተጎትቶ ሲወጣ በአንድ እጇ አፍንጫዋን ይዛ፣ በሌላው ረጃጅሙንና ንጹሑን እየመረጠች ለብቻ ትከምር ጀመር።

"ኦድኒዬ፣ ፋብሪካው'ኮ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚፈጨው" አላት ቶርላይፍ ቀስ ብሎ።

"ይፍጨው" አለችው ቀና ሳትል። "አንተ ብቻ ጥሩ ጥሩውን አቀብለኝ።"