ነጩ አጥርና የኮሊን እሜቴ

ሌስ ብራምዌል አውስትራሊያ ውስጥ፣ በሆባርት ከተማ ዳገታማው ሰፈራችን ውስጥ ከሁላችንም ንጹሕ ሰው ነበር። ይህን የምለው አድንቄው አይደለም፤ ፊት ለፊቱ ስለምኖር አበሳዬን ስላየሁ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናውን መንገድ ላይ አውጥቶ በሳሙና ያጥባል፤ ያጨደውን ሳር በውሃ ጎማ እየገፋ መንገድ ዳር ካለው ቦይ ይከታል፤ ቦዩም ወደ ጎርፍ መውረጃው ጉድጓድ ይወስድለታል። ከዚያ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ እኔ ደጅ ያያል። እኔ ደጅ የወደቀ ቅጠል አይጠፋማ!

ዕድሜውን የጨረሰው የከተማ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ነው። ጡረታ ሲወጣ ሚስቱ ግሌኒስ አንድ ሕግ አወጣች፦ ቅባትም ሆነ ቀለም የነካው ነገር ልብስ ማጠቢያ ክፍሏ አይገባም። ስለዚህ በየዓመቱ ከገና በፊት አጥሩን ነጭ ሲቀባ፣ ብሩሾቹን የሚያጥበው መንገድ ዳር ቁጢጥ ብሎ ነው።

“ይሄ ሁሉ ቀለም ወዴት ነው የሚሄደው?” አልኩት ባለፈው ዓመት።

“ወደ ፍሳሽ ማጣሪያው ነዋ! ማዘጋጃ ቤቱ ምን ሥራ አለው ታዲያ?”

“ማጣሪያ የሚገባው የሽንት ቤቱ ነው። ይሄኛው ቀጥ ብሎ ጅረት ይወርዳል።”

“አንቺ ደግሞ መቼ ነው ቱቦ ውስጥ የገባሽው?” ብሎ ባልዲውን ገለበጠ። አናደደኝ፤ ግን ቱቦ ውስጥ ገብቼ አላውቅምና ወደ ደጄ ተመለስኩ።

ታች ጅረቱ አጠገብ ኮሊን ስታፎርድ ይኖራል፤ ከሌስ ጋር ጋራዡ ውስጥ ዕድሜ ልኩን አብሮ የሠራ ጓደኛው ነው። ሚስቱ ሞሪን ከሞተችበት ወዲህ ከአልጋዬ አልነሳም ብሎ ነበር። ሌስ ሾርባ ይዞለት ይሄዳል፤ ሾርባውን ይዞ ይመለሳል። በመጨረሻ ያስነሳችው አንዲት ፕላቲፐስ የምትባል የውሃ እንስሳ ናት። ምንቃሯ የዳክዬ፣ ጠጉሯ የድመት፤ ጎህ ሲቀድ ጅረቱ ላይ ብቅ ብላ ትሏን ለቅማ ትጠፋለች። ኮሊን “እሜቴ” ይላታል። እሷን ለማየት ሲል ሰውየው መነሳት ጀመረ፣ መላጨት ጀመረ።

“ለማን ነው ይሄ ሁሉ መኳኳል?” ብዬ ብጠይቀው፣ “እሜቴ ፊት እንዲያው ይቀረባል እንዴ?” አለኝ። አልሳቀም።

ያን ጊዜ፣ አጥሩ በተቀባ ማግስት፣ ኮሊን ምርኩዙን ይዞ ዳገቱን ወጣ። ስንት ዓመት ወጥቶት አያውቅም። እኔና ሌስ መንገድ ላይ ቆመን ስንነታረክ ደረሰ።

“ሌስ፣ ጅረቱ ወተት መስሏል” አለ እያለከለከ። “እሜቴም አልወጣችም። አንተ መላ አታጣም፤ የማን ሥራ እንደሆነ ፈልግልኝ።”

የኮሊን ዓይን ደክሟል፤ ከጀርባችን ያለውን አጥር ልብ አላለውም። ሌስ ዝም ቢል ኮሊን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም፤ እኔም ሁለቱም አሳዝነውኝ ዝም በል፣ ዝም በል እያልኩ ነበር በሆዴ።

“እኔ ነኝ” አለ ሌስ። “ብሩሼን አጥቤ ነው። ማጣሪያ የሚገባ መስሎኝ።”

ኮሊን ቀረብ ብሎ አጥሩን በጣቱ ነካ አደረገው። “ጥሩ ተቀብቷል” አለና ቁልቁለቱን ወረደ። በማግስቱ ከአልጋው አልተነሳም።

ሌስ ንጽሕናውን ተወ አይባልም፤ አቅጣጫ አስቀየረው እንጂ። ብሩሹን በጋዜጣ ጠርጎ የልብስ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ያጥባል፤ ግሌኒስ ሕጓን ሻረች፣ ደስ ብሏት ግን አይደለም። የታጨደ ሳሩን ይጠርጋል፣ መኪናውን ሳር ላይ ያጥባል። የሰፈሩን ሰው ደግሞ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣው። አንድ ቅዳሜ መኪናዬን ሳጥብ መጥቶ የውሃ ጎማዬን ከእጄ ነጠቀኝ።

“ኧረ ሳር ላይ እኮ ነኝ!” አልኩት።

“የኋላው እግር አስፋልት ላይ ነው” አለኝ።

ሌስ በየማለዳው ጅረቱ ዳር፣ ኮሊን እሜቴን ይጠብቅበት ከነበረው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በኮሊን መስኮት በኩል “ዛሬም አልመጣችም” ይላል። ኮሊን መጋረጃውን አይገልጥም። ዝናብ ጣለ፣ ጅረቱ ጠራ፣ በጋው አለፈ። “ዛሬም አልመጣችም።”

“መጥታለች ብለህ አታስነሳውም?” አለችው ግሌኒስ።

“ሳትመጣ?” አላት። ድርቅናው አበሸቀኝ።

አንድ ማለዳ ውሻዬን ይዤ ጅረቱ ዳር ስደርስ ሌስ ከወንበሩ ብድግ ብሎ በዚያ ባረጀ ጉልበቱ ሲሮጥ አየሁት። እኔም ምን ነካው ብዬ ተከተልኩት። የኮሊንን መስኮት በጡጫ ደበደበው።

“መጥታለች!”

ከውስጥ፣ “ጉቶ ይሆናል” አለ ኮሊን።

“ጉቶ ትል ይበላል እንዴ?”

“ውሸትህን ነው።”

“ውሸታም ብሆን ያኔ የቀለሙ ጊዜ እኔ ነኝ እልህ ነበር?”

ከውስጥ የምርኩዙ ኳኳታ ተሰማ። ከዚያ በሩ ተከፈተ፤ ኮሊን ካልሲውን ገልብጦ አጥልቋል።

ሦስታችን ወንበሩ ላይ ተጨናንቀን እስኪረፍድ ጠበቅን። ምንም የለም። ሌስ “አይቻታለሁ እኮ፣ እናቴ ትሙት” እያለ ይምላል። ኮሊን ምርኩዙን ተደግፎ ውሃውን ብቻ ያያል።

“አርፍደህ ነው የጠራኸኝ” አለ በመጨረሻ። “ነገ ሳይነጋ ቀስቅሰኝ።”

ሌስ “እሺ” እያለ አለቀሰ።