ቤት ሲያዳምጥ የዋለው ስልክ

ዳቦ ጋጋሪው ሰው ሁሉ ሲተኛ የሚነሳ፣ ሰው ሁሉ ሲነሳ የሚተኛ ሰው ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ዳቦ ከምድጃ አውጥቶ፣ ቅንድቡ ላይ የቀረውን ዱቄት እንኳ ሳያራግፍ ወደ ቤቱ ይገባል። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ኖሯል፤ ሥራውንም ይወደዋል። ያልሆነለት ቤት ነው።

በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ቤት ቀየረ። የመጀመሪያው ከግድግዳው ጀርባ የሕፃናት መዋያ ነበረበት። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ስልሳ ሕፃናት በድምፅ ማጉያ እየተመሩ ከአንድ እስከ መቶ ይቆጥራሉ፤ ሠላሳ ሰባት ላይ ይሳሳቱና እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። ሁለተኛው ከመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ሜዳ አጠገብ ነበር። አሠልጣኙ «ፍሬን! ፍሬን ያዝ አልኩህ!» እያለ ሲጮህ፣ ጋጋሪው በእንቅልፍ ልቡ በቀኝ እግሩ ሲረግጥ ውሎ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ይነሳል። በሦስተኛው ቤት ከላይ የምትኖረው ጎረቤት ቁም ሣጥን ከግድግዳ ግድግዳ እየገፋች ካላዞረች የማትውል ሴት ነበረች።

እንግዲህ ሦስቱንም ቤት ሲያየው ኮሽ አይልም ነበር! ደላላው የሚያሳየው አመሻሽ ላይ ነዋ፤ ሕፃናቱ ከሄዱ፣ መኪናው ከቆመ፣ ጎረቤቲቱም ከደከማት በኋላ። በስልክ የሚወጣው ማስታወቂያም ቢሆን ሁሉም «ጸጥ ያለ» ይላል። ጸጥ ያላለ ቤት የሚያከራይ ሰው ገና አልተወለደም።

ታናሽ እህቱ ስልክ ጠጋኝ ናት። አንድ ቀን ሱቋ መጥቶ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ በተቀመጠበት ሲያንጎላጅ አየችውና፣

«አንተ፣ ቤቱን የምታየው ማታ፣ የምትተኛበት ቀን። ታዲያ ምኑን አየኸው?» አለችው።

«ቀን ሄጄ ልዋልበት? ቀን እኮ እተኛለሁ።»

«አንተ ተኛ፤ ስልክ ይዋልልህ።»

ከመሳቢያዋ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ አወጣች። ድምፅ ሲሰማ ብቻ እየቀዳ ሰዓቱን የሚመዘግብ መተግበሪያ ጫነችበት። ሁካታው ሲጨምር ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር እንደ ተራራ ሽቅብ ይወጣል።

«ሜዳ ከሆነ ተኛ፤ ተራራ ከሆነ ሽሽ» አለችው።

ጋጋሪው ደባቂ ሰው አይደለም። በሄደበት ሁሉ ስልኩን አውጥቶ «ይህ አንድ ቀን እዚህ ይዋልልኝ፣ ድምፅ ይቀዳል» ይላል። የመጀመሪያው አከራይ «ማን ነው የላከህ?» ብሎ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋው። ሁለተኛው ፈገግ ብሎ ተቀበለው። ቀኑን ሙሉ መስመሩ የጠረጴዛ ያህል ሜዳ ሆኖ ዋለ። ጋጋሪው በደስታ ሊበር ሲል፣ ቅጂው ልክ አምስት ሰዓት ላይ ሲደርስ የታፈነ የአከራዩ ድምፅ መጣ፦ «በብርድ ልብስ ጠቅልዬዋለሁ፣ አይሰማም። በሉ መዶሻውን ቀጥሉ!»

ሦስተኛዋ አከራይ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ሠላሳ ዓመት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ነበሩ። ስልኩን እንደ ሰው እንግዳ በሁለት እጃቸው ተቀብለው መስኮት ዳር ወንበር ላይ አስቀመጡት። ጋጋሪው በማግስቱ ስልኩን ወስዶ እህቱ ሱቅ ውስጥ አብረው ከፈቱት። ጉድ! ተራራ በተራራ ላይ!

ሁለት ሰዓት ከሃያ፦ ውሻ ይጮኻል። ቀጥሎ ከውሻው የሚበልጥ ድምፅ፣ «ዝም በል! ሰው ሊተኛ ነው!»

ሦስት ሰዓት፦ «ቲማቲም! ሽንኩርት!»

«ዛሬ ቲማቲም የለም! ስልክ እየሰማ ነው!»

«ኧረ እትዬ፣ ስልኩን ምን አደረግኩት? ቲማቲም ልሽጥ እንጂ!»

«በምልክት ሽጥ!»

እህቱ ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ውሻውም፣ አትክልት ሻጩም፣ ከአጠገብ ብረት ሲቆርጥ የዋለው ጎረቤትም ትንንሽ ኮረብታ ነበሩ፤ ትልልቆቹ ተራሮች በሙሉ የእሳቸው «ዝም በሉ» ናቸው። ጋጋሪው ስልኩን ሊዘጋው ሲል፣ ስምንት ሰዓት ላይ ወንበር የመጎተት ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያም እኚያው ሴት፣ ቀስ ብለው፦

«ጋጋሪው፣ ትሰማኛለህ አይደል? አንድ ነገር ልንገርህና ይውጣልኝ። ዛሬ ለፍቼ ነው እንጂ ይህ ክፍል ጸጥ ብሎ አያውቅም። ነገ ውሻውም ይጮኻል፣ ጎረቤቴም ብረቱን ይቆርጣል። የመንገድ ዳር ክፍል ላንተ አይሆንም። ከኋላ ግን ግድግዳው ወፍራም የሆነ ክፍል አለኝ፤ የሟቹ ባለቤቴ መጻሕፍት ተከምረውበታል። አከራየዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰውን ዝም በል ስል ኖሬ፣ በገዛ ፈቃዱ ዝምታ ፍለጋ የመጣ ሰው ግን አንተ የመጀመሪያዬ ነህ። ና እስኪ እየው። … ደግሞ ይሄ ነገር በምን በኩል ነው የሚዘጋው?»

ከዚያ በኋላ ያለው አሥር ደቂቃ መዝጊያውን ሲፈልጉ የተቀዳ ነው።

እህቱ ዓይኗን እየጠረገች «እኚህን ሴት ቤት ባይኖራቸውም ተከራያቸው» አለችው።

እሱ አልሳቀም። በዚያ ዓመት ስንት አከራይ አናግሯል፤ የቤቱን ነውር በራሱ አፍ የነገረው ግን አልነበረም። በማግስቱ ስልኩን ይዞ ተመለሰ።

«እትዬ፣ አሁን ደግሞ የኋላው ክፍል ይዋል። ግን እባክዎ፣ ማንንም ዝም አያሰኙልኝ።»

«ማንንም?»

«ማንንም።»

«ከባድ ነገር ነው የጠየቅኸኝ» አሉ አንገታቸውን እየነቀነቁ። «በል እንግዲህ፣ እሞክራለሁ።»

ሞክረዋል። መስመሩ ሜዳ ነበር። ውሻውና ብረቱ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሽው ብለው ያልፋሉ። አራት ሰዓት ላይ ብቻ አንዲት ጉብታ አለች፤ ቢያዳምጧት የእትዬ «እሽሽ!» ናት። አላስቻላቸውም።

ጋጋሪው ቤቱን ያዘ። መጻሕፍቱን ሁለት ቀን ሙሉ አብረው ተሸከሙ። እሳቸው በየመሐሉ አንዱን ከፍተው ቆመው ያነባሉ፣ እሱ ክምሩን ታቅፎ ይጠብቃል። ግማሹን እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ለመንገዱ ቅርብ በሆነው ግድግዳ ሥር ደረደሩት፤ ድምፅ ቢኖር እንኳ በዚያ ሁሉ ወረቀት መሐል ማለፊያ አያገኝም።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተኛ። እንቅልፍ ቢሉ እንቅልፍ ነው! አልተገላበጠም፣ አልቃዠም። ስምንት ሰዓት ላይ ግን በሩ ሊገነጠል ሲደበደብ ብድግ አለ።

«ምነው እትዬ? እሳት ተነሳ?»

እትዬ ደረታቸውን ይዘው ቆመዋል። «አንተ ልጅ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ እስትንፋስህ አይሰማ! ሞተብኝ ብዬ ነው እኮ!»

ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። እሳቸውም ሳቁ፣ ከዚያም ሳቃቸው እንዳይሰማ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የጽሑፍ መልእክት እንዴት እንደሚከፈት አስተማራቸው። አሁን በየጠዋቱ ጫማውን ከማውለቁ በፊት «ገብቻለሁ፣ በሕይወት አለሁ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀስቅሱኝ» ብሎ ይልካል። እሳቸውም ከወዲያኛው ክፍል መነጽራቸውን አድርገው፣ ፊደል በፊደል እየፈለጉ መልስ ይጽፋሉ። መልሱ ሲደርስ ግን እሱ ተኝቷል።