አንብቤ በጣቴ ፈረምኩ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። አንተ የማላውቅህ አንባቢ ስለሆንክ ትሻላለህ፤ ቢያንስ አታጽናናኝም።

ቃሊቲ አንድ መጋዘን ጥበቃ ነበርኩ። እስከ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል አልቆጠርኩም። ያስቆጠሩኝ የሥራ ባልደረባዬ ጋሽ ተካ ናቸው። ካርቶን ቀደው ይጽፉልኛል፤ እኔ በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ። «የድሮ ሰው ሲያጠፋ ያፍር ነበር፤ የዛሬ ሰው ሲያዝ ያፍራል።» ይቺን ለማንበብ ሳምንት ፈጀሁ። ሌላም አለ፦ «ድሮ ፈሪ ፈሪ ይባል ነበር፤ ዛሬ ብልጥ ይባላል።» እያነበብኩ እስቅ ነበር፤ ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ መስሎኝ።

ከመጋዘኑ ጎማ ጠፋ። የጫነው ኃላፊው ራሱ ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እሱ ግን «ተካ በሩን ከፍቶ አስወጣ» የሚል ወረቀት አዘጋጅቶ ለምስክርነት ጠራኝ። አነበብኩት። እያንዳንዷን ቃል አነበብኩ።

«ማንበብ አትችልም አይደል? በል ጣትህን አምጣ።»

ጋሽ ተካ በሩ ላይ ቆመዋል። «ልጄ፣ አንብበኸዋል?» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ! እኔ ደግሞ ምን ፊደል አውቄ!»

«ሽማግሌው ጃጁ እንዴ?» ብሎ ኃላፊው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እየሳቅኩ በጣቴ ፈረምኩ። «ያስተማርኩት እኔ ነኝ» ማለት ይችሉ ነበር፤ አላሉም። የጥበቃ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወጡ፤ በዚያው ከሥራ ተባረሩ።

ምን ፈርቼ ነው? እንጀራዬን? የእሳቸውስ እንጀራ አልነበረም? ማንበብ ሰው ያደርጋል ይሉኝ ነበር። እኔን ያደረገኝ አንብቦ የሚዋሽ ሰው ነው።

ባለፈው ጾም አረፉ። ሳሪስ አቦ ቀብራቸው ላይ ሴት ልጃቸው ወረቀት ይዛ መጣች። «አባዬ ‹ተማሪዬ ያንብብልኝ› ብሎናል፤ አንተን ማለቱ ነው።» የሕይወት ታሪካቸው ነው። ሕዝብ ፊት ቆሜ አነበብኩ። «በዕድሜ ምክንያት በገዛ ፈቃዳቸው ሥራቸውን ለቀቁ» የሚል ቦታ ደረስኩ። ለልጆቻቸው እንኳ አልተናገሩም! ድምፄ ተቆረጠ። ሐዘን የተናነቀኝ መስሏቸው ሴቶቹ አለቀሱ። እውነቱን መናገር እችል ነበር፤ ጉሮሮዬን ጠርጌ ቀጠልኩ። አንድ ፊደል ሳልስት ጨረስኩት።

«ጎበዝ አንባቢ ነህ» እያሉ ጨበጡኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ።

ይቅር በለኝ አልልህም። አንተ ማነህና? ይቅር ማለት የሚችሉት ሰው አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ታክሲ ርቀት ላይ ነበሩ። አልሄድኩም።