«ይቺ አርጅታለች»

ታላቅ እህቴ ሰው አታምንም። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበረች። ጨርቅ ልትገዛ ስትሄድ ጣቃውን ታቅፋ ወደ ውጭ ትወጣለች፤ ባለሱቁ ደግሞ ዘርፋው የሄደች መስሎት እየሮጠ ይከተላታል። አንድ ጊዜ በሱቅ መብራት ተሸውዳ ለአንድ ሙሽራ ኮቱን በጥቁር፣ ሱሪውን በጥቁር ሰማያዊ ሰፍታ ነበር፤ ጉዱ የታየው ሙሽራው ፀሐይ ላይ ሲወጣ ነው። ከዚያ ወዲህ የሱቅ መብራትና ባለሱቅ ለእሷ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ይዋሻሉ። ሰፈሩ «መርማሪዋ» ይላታል። ታውቃለች፤ ደስም ይላታል መሰለኝ።

የምትኖረው ሟች ባሏ በሠራው ቤት ውስጥ ከልጇና ከምራቷ ጋር ነው። ልጇ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ይውላል። ምራቷ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ዝምተኛ፣ ሲጠሯት «አቤት» ብላ የምትመጣ፣ ወንበር ላይ እንኳን ጫፉን ይዛ የምትቀመጥ ልጅ ናት። እኔ ብሆን እንዲህ ያለች ምራት ስትገጥመኝ ጮቤ እረግጥ ነበር። እህቴ ግን ልጅቷን በዓይነ ቁራኛ ነው የምትጠብቃት።

«እንዲህ ዝም ስትል ምን እያሰበች ነው?» ትለኛለች።

«እትዬ፣ ደክሟት ይሆናላ!»

«አንቺ ደግሞ የዋህ ነሽ።»

ዘንድሮ ጣሪያው አፍስሶ የድሮው ኮርኒስ በሰበሰና በአዲስ ተቀየረ። ኮርኒሱ ሲያልቅ መብራት መምረጥ መጣ። ምራቷ «እማማ፣ እርስዎ ካልመረጡ አንገዛም» አለቻት። ማንም ሰው ይህን እንደ አክብሮት ይቆጥረዋል። እህቴ ወደ ጓዳ ጎትታኝ ገብታ፣ «ነገ ሲበላሽ እሷ ናት የመረጠችው ልትል ነው» አለችኝ። የሆነው ሆኖ ሦስታችንም ወደ መብራት ሱቅ ሄድን።

ሱቁ ጣሪያው በሙሉ መብራት ነው፤ ቀና ብሎ ማየት አይቻልም። እህቴ ቦርሳዋን ከፍታ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ አወጣች፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ጥቁር ሰማያዊ። «ሌላውን ሁሉ አጥፋና ይሄን ብቻ አብራልኝ» ትለዋለች ሻጩን። ያበራል። ጨርቆቹን ጎን ለጎን ይዛ ትመለከትና «ውሸታም ነው፤ ቀጥል» ትላለች። ሻጩ መጀመሪያ ሳቀ፤ እየቆየ ሲሄድ ግን ላብ ላብ አለው።

«ይሄኛው ለመኝታ ቤት ይሆናል፤ ሞቅ ያለ ብርሃን ነው» አላት።

«ገና አዲስ ኮርኒስ ነው፤ ልታቃጥልብን ነው?»

«ኧረ እማማ፣ ቀለሙን ነው! ቢጫ ቢጫ ይላል ለማለት ነው።»

«ታዲያ ቢጫ ነው አትልም ነበር?»

እንዲህ እየተጨቃጨቅን ለኩሽናው ቢላና ጣት በደንብ የሚለይ ነጭ ብርሃን፣ ለመታጠቢያ ቤቱ እንፋሎት የማያስገባ ድፍን ተመረጠ። ለሳሎን ምራቷ አንድ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ተንጠልጣይ ወደደች፤ ዓይኗ ላይ ይታይ ነበር። እህቴ «ልጄ ረጅም ነው፤ ግንባሩን ልትፈነክቺው ነው?» ስትላት ወደ ቦታው መለሰችው። በምትኩ ኮርኒሱ ላይ ልጥፍ የሚል ክብ ተወሰደ። እውነቱን ለመናገር ቤቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ እህቴ ልክ ነበረች፤ አነጋገሯ ነው እንጂ።

የእህቴ ክፍል ተራ ሲደርስ ምራቷ «የእማማ ይቆይ፤ መጀመሪያ ሠራተኛው ይየው» አለች። በቃ፣ ነገር እህቴ ሆድ ገባ። በመንገድ ላይ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«ሰማሽ? የሁሉም ተመርጦ የኔ ይቆይ!»

«የሚሠራ መብራት ስላለሽ ነዋ፣ እትዬ።»

«ይሆናል» አለች፤ ይህን ስትል ግን አይሆንም ማለቷ ነው።

በማግስቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጣ። እኔ አልነበርኩም፤ ቀጥሎ ያለውን በኋላ ራሷ ነች የነገረችኝ። ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየላጠች ሳለ ከራሷ ክፍል የሠራተኛውና የምራቷ ድምፅ ይመጣል። ቢላውን አስቀምጣ ጆሮዋን አቆመች።

«ይቺ አርጅታለች» ይላል ሠራተኛው። «ከዚህ በኋላ ማቆየቱ አደጋ አለው።»

«ባለቤቴ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው የሚያውቃት። አባቱ ናቸው ያመጧት» ትላለች ምራቷ።

«ቢሆንም ነገ ትውጣ። በቦታዋ አዲስ እናስገባለን።»

«እማማ ሲሰሙ ማዘናቸው አይቀርም። እኔ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ልብ ይል ነበር፤ ምራቷ በአንድ አፍ «ያመጧት» እና «ማዘናቸው» ስትል፣ አንቱ የተባለችው ሌላ፣ እሷ የተባለችው ሌላ መሆኗን። እሷ ግን ደሟ ስለፈላ ይሄን ማን ያስብ! ስልክ ደወለችልኝና «ልብሴን ሸክፌያለሁ፤ አንቺ ጋ ልመጣ ነው» አለች። ቀጠለች፤ «የልጄ እኩያ 'አርጅታለች' ይለኛል! አርጅተዋል ማለት እንኳን አቃተው?»

እየሮጥኩ ደረስኩ። ሳሎን ውስጥ ነጠላዋን ለብሳ፣ የልብስ ጥቅሏን እግሯ ሥር አድርጋ ተቀምጣለች። ልጇም ከመንገድ መግባቱ ነበር፤ ሁለታችንንም እያፈራረቀ ያየናል።

«እማዬ፣ የት ልትሄጂ ነው?»

«አባትህ ካመጣኝ ቤት ውጪ ተብያለሁ።»

«ማን አለሽ?»

ሻይ ይዛ ወደገባችው ምራቷ በአገጯ አመለከተች። ልጅቷ ክው ብላ ቀረች።

«እኔ? እማማ፣ እኔ?»

«'አርጅታለች፣ ማቆየቱ አደጋ አለው፣ ነገ ትውጣ' ሲባል በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንቺም አባቱ ናቸው ያመጧት ብለሽ መሰከርሽብኝ!»

ኮሪደሩ ውስጥ መሰላል ላይ የነበረው ሠራተኛ ወርዶ መጣ። «ኧረ እማማ፣ መብራቷን እኮ ነው!» አለና እጇን ይዞ ወደ ክፍሏ ወሰዳት። ሟች ባሏ ድሮ ከስፌት መኪናዋ በላይ የሰቀለላት ባለ መስታወት መብራት ነበረች። መሰላሉን አስገብቶ ሽቦውን ገልጦ አሳየን፤ ልባሱ ተልጦ ጠቁሯል። ሰውየው ለካ ዕቃ ሁሉ ለእሱ ሴት ነው፤ ፒንሳውንም «እሷን አቀብሉኝ» ነው የሚለው።

የእህቴ ልጅ ግድግዳውን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እህቴ እጅ ላለመስጠት «ታዲያ ምን ያንሾካሹካችኋል?» አለች።

«አባባ የሰቀሏት ስለሆነች እንዳያዝኑ ብዬ ነው» አለች ምራቷ። እሷ አልሳቀችም። ትሪውን ስፌት መኪናው ላይ አስቀምጣ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «እማማ፣ ቤቱ እኮ የእርስዎ ነው። ኋላ የመጣሁት እኔ ነኝ። ውጪልኝ የሚሉኝን ቀን ስጠብቅ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት። ሻንጣዬን እንኳን ጨርሼ አልፈታሁትም።»

የልጇ ሳቅ ተቋረጠ። «ምን አልሽ?» አለ። እሱም አያውቅም ነበር። እኔ ልጅቷ አንጀቴን በላችው፤ በእህቴም ተናደድኩ፤ ልናገራት አፌን ስከፍት ግን ፊቷን አየሁና ተውኩት። እህቴን በዚያ ዕድሜዋ እንደዚያ ደንግጣ አይቻት አላውቅም። ነጠላዋን አስተካክላ ምራቷን፣ «ጫማሽን አድርጊ፤ ሱቁ ሳይዘጋ እንሂድ» አለቻት።

ሻጩ ከሩቅ ሲያየን ፊቱ ጠቆረ። «አሁን ደግሞ ለማን ክፍል ነው?» አለ።

«ለእኔ። የምትመርጠው እሷ ናት።» እህቴ ይህን ብላ ጀርባዋን ለመብራቶቹ ሰጥታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጥርቅም አድርጋ ይዛለች፤ አልከፈተችውም። ምራቷ አንዱን አስበርታ፣ ሌላውን አስጠፍታ፣ መጨረሻ ላይ ብርሃኑ ለስላሳ የሆነ አንድ ቀለል ያለ ክብ መብራት አነሳች። «እማማ፣ ይሄ ይሁን?» ስትል እህቴ ሳትዞር «አንቺ ካልሽ ይሁን» አለች። እንዴት እንደጨነቃት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሠራተኛው ነገን ሳይጠብቅ አሮጌዋን አውርዶ አዲሱን ሰቀለና አበራው። እህቴ ቀና ብላ አየችው፤ እጆቿንም ዘርግታ አገላብጣ አየች። ጥሩ ነው አላለችም፤ መጥፎ ነውም አላለችም። ወደ ምራቷ ዞራ፣ «ሻንጣሽን አምጪው» አለቻት።

የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ። የፈራችው ቀን የደረሰ መስሏት ባሏን አየችው። ሄዳ ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርዳ አመጣችው፤ ከባድ ነበር። እህቴ ተቀብላ አልጋዋ ላይ ከፈተችው። ሹራቡን፣ ቀሚሱን፣ ገና ያልተለበሰ ጫማውን አንድ በአንድ አወጣች። ጠርዙ የተተረተረ ቀሚስ ስታገኝ «ይሄን እሰፋዋለሁ» ብላ ለብቻ አስቀመጠችው። የቀረውን እያጣጠፈች ለልጇ ታቀብለዋለች፤ እሱም ወደ ቁም ሳጥናቸው ያመላልሳል። ምራቷ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ ማንም ዝም በይ አላላትም።

እህቴ ኪሶቹን በሙሉ በእጇ ዳብሳ ምንም እንዳልቀረ ስታረጋግጥ ባዶውን ሻንጣ ዘጋችና ለእኔ ሰጠችኝ።

«አንቺ ውሰጂው» አለች። «እዚህ ቤት የሚሄድ ሰው የለም።»