እናቴን ምስክር ቆጥሬ

በደርግ ጊዜ ነው። አዋሳ፣ ፍርድ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ እላለሁ። ግራ እጄ በጄሶ ታስሯል፤ ውስጡ ይበላኛል፣ ማከክ አልችልም። የከሰስኩት የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬን መኮንንን ነው። የእህቴ ልጅ ክርስትና ላይ እኛ ቤት ሲጠጣ ውሎ፣ ፒያሳ ላድርስህ ብሎኝ ቮልሱን ከዛፍ ጋር አላተማት። እሱን ጭረት እንኳ አልነካውም፤ የተሰበርኩት እኔ ነኝ።

ዳኛው ሲጠይቁት ዓይኑን ሳያሽ «ጠጅ ለአመል ያህል ቀምሻለሁ እንጂ አልጠጣሁም» አለ። እኔ ግን ምስክር ቆጥሬበታለሁ፤ ጠጁን የጣለችውም የቀዳችውም እናቴ ናት።

ተጠርታ ነጠላዋን እያስተካከለች ቆመች።

«እማማ፣ ተከሳሹ የቀመስኩት ብቻ ነው ይላል። እርስዎ ምን አዩ?» አሏት ዳኛው።

እናቴ መኮንንን ገላመጠችው። «ከእኔ ቤት እንግዳ ቀምሶ ይወጣል እንዴ? ብርሌ በብርሌ ላይ ነው የጠጣው!»

እፎይ አልኩ። እዚያ ላይ ብታበቃ ምን ነበረበት!

«እንዲያውም ‹መኪና እነዳለሁ፣ ይብቃኝ› ብሎ ብርሌውን በእጁ ቢከድንብኝ፣ እጁን አንስቼ ‹በሞቴ!› ብዬ ቀዳሁለት። አሁንም እምቢ ቢለኝ የመኪናውን ቁልፍ ደበቅሁበት። ‹ሳትጨርስ አልሰጥህም› አልኩት። ጨረሰ፤ ሰጠሁት።»

እጄ ከጄሶው ውስጥ ክፉኛ በላኝ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩ።

«ለመሆኑ» አሉኝ፣ «መክሰስ የፈለግከው ማንን ነው?»