የወሰኑ ወይራ

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ሙት ዓመት ነበር። ድንኳኑ ውስጥ አንዱ ተነሥቶ «የሰው ወሰን የማይነካ ደግ ሰው ነበር» ሲል ጠላዬን አስቀምጬ ወጣሁ። እዚያ አልመለስኩለትም። እዚህ ግን እጽፈዋለሁ።

አባቴ ሲሞት አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የገብስ ማሳችን ከአጎቴ ማሳ የሚለየው በአንድ አሮጌ ወይራ ነው። አጎቴ ግማሽ ዕድሜውን ደሴ ሲነግድ የኖረ ሰው ነበር። በጥቅምት መጨረሻ፣ ገብሱ ለአጨዳ ሲደርስ፣ የወሰኑን ድንጋዮች ወደ እኛ ገፋቸው፤ ወይራው በእሱ መሬት መሃል ቀረ። የማሳችን እኩሌታ አብሮ ሄደ። በቀረው እናቴና እኔ እስከ ፋሲካም አንደርስም።

ሦስት ሽማግሌዎች ወይራው ሥር ተቀመጡ። ሁለቱ በዋዜማው አጎቴ ያረደውን በግ በልተው ነው የመጡት። ሦስተኛው፣ አያ ሰይድ፣ የክርስቲያን ሥጋ ስለማይበሉ ከዚያ ድግስ ቀርተዋል። ለእኛ በጀን።

«ይህን ዛፍ ባገባሁ ዓመት በገዛ እጄ የተከልኩት ነው፤ ሃያ ዓመቱ» አለ አጎቴ።

ሁለቱ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወይራን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም፤ ድርቅ ቢመጣ ድንጋይ ጨብጦ የሚቆይ፣ የማይቸኩል ዛፍ መሆኑን ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ከእናቴ ኋላ እንደ ቆምኩ ተናገርኩ።

«አጎቴ፣ ባሕር ዛፍ መሰለዎት እንዴ?»

«ዝም በይ! ምላሷ ከቁመቷ የረዘመ!»

«እደጃችን ያለውን ወይራ አባቴ የተከለው እኔ በተወለድኩ ክረምት ነው። ኑና እዩት፤ ዛሬም ክንዴን አያህልም። ይህን ደግሞ እቀፉት።»

አያ ሰይድ ተነሥተው ግንዱን አቀፉት። ጣቶቻቸው አልተገናኙም።

«ወላሂ፣ ይህን አንተ ከተከልከው የአያቴ ታላቅ ነህ!»

በአጠገቡ ማሳ የነበሩ አጫጆች ማጭዳቸውን ጥለው ሳቁ። በጉን የበሉትም ሳቁ፤ ምን ያድርጉ? ድንጋዮቹን አጎቴ ራሱ ተሸክሞ መለሳቸው። ከዚያ ገብስ እንደ ተበጠበጠው በሶ የጣፈጠኝ ነገር እስከ ዛሬ የለም።

«ሞቷል እኮ፣ ተይው» ይሉኛል። አልተውኩትም። ማሳውን ዛሬም አሳርሳለሁ፤ ዘንድሮ ክረምት ደግሞ በወሰኑ ላይ አምስት የወይራ ችግኝ ጨምሬበታለሁ። ገና ቁርጭምጭሚቴ ላይ ናቸው። ጥላቸውን እኔ አላይም። የእሱ የልጅ ልጆች ግን ዕድሜ ልካቸውን እዚያ ሲደርሱ በሬያቸውን ይመልሳሉ።